ቸርኬ የሚያጥብ ፍሬኑንም ይመርምር

የመኪና ቸርኬ ማጽዳት ለብዙ ሰው የጌጥ ሥራ ብቻ ይመስለዋል። እንደ እኔ አስተያየት ግን ነገሩ ከጌጥ ያለፈ ነው።

ቡጋቲ እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. ለውድድር መኪናው የአሉሚኒየም ቸርኬ ካቀረበ ወዲህ፣ ይህ ቀላልና የሚያብረቀርቅ ቸርኬ የስፖርት መኪና ውበት ሆኗል። የውበቱ ጠላት ከፍሬን የሚወጣው ጥቁር ትቢያ ነው። ሸራውና ዲስኩ ሲፋተጉ ብረት ያለበት ብናኝ ይረግፋል፤ እንደ ጋለ ከቸርኬው ይጣበቃል፤ እርጥበት ሲያገኘው ዝጎ ቀለሙን ይበላል። ስለዚህ ቸርኬው ከቀዘቀዘ በኋላ በብዙ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ማጠብ ይገባል። በደረቁ መጥረግ ግን ክፉ ነው፤ በአሮጌ መኪና ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ብናኙ ሳንባን ይጎዳል። መኪና የሚያጥቡልን ልጆችም ሳንባ አላቸው።

በእኛ መንገድ የስፖርት መኪና እምብዛም አይታይም፤ ትቢያው ግን በአውቶቡሱም አለ። ከሞጣና ከቢቸና በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ ይወርዳል። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ነጂ ቸርኬውን ያጠቁራል፤ ፍሬኑም ግሎ መያዝ ያቅተዋል። በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘለት ለሚወርድ ግን ትቢያው ያንስለታል፤ ተሳፋሪውም በደኅና ይገባል።

እንግዲህ ወላጆችና ነጂዎች ሆይ፣ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ ጠቁሮ ብታዩ አጥባችሁ ብቻ አትለፉት፤ ፍሬኑ ይዞ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና ለመካኒክ አሳዩት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።