አገልግሉን የሸጥሁት እኔ ነኝ

በቅርቡ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ ስለ መቅደላ ቅርስ የጋለ ክርክር መደረጉን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ተናጋሪዎቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ቅርሳችን ይመለስ!» አሉ። እኔም ከሁሉ አብልጬ አጨበጨብሁ። ነገር ግን ወደ መኝታ ክፍሌ ስመለስ አንድ ነገር ኅሊናዬን ይቆረቁረኝ ጀመር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄው ትክክለኛ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። የተዘረፈውን ዕቃ ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ዕቃው በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሲሸጥ ከገዢዎቹ አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል የነበረው ሪቻርድ ሆምስ ነበር። ዛሬ በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ብቻ 350 ያህል የመቅደላ የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1994 ዓ.ም. አንድ ታቦት ከኤድንበራ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ጠጕር ከለንደን ተመልሰዋል። የቀረው ግን ከተመለሰው እጅግ ይበልጣል። እንግዲህ መጠየቃችን ተገቢ ነው፤ ወደፊትም እንጠይቃለን።

ይሁን እንጂ መቅደላና የእኔ አገር ደጎሎ ሁለቱም ደቡብ ወሎ ናቸው። የእንግሊዝ በቅሎዎች ከመቅደላ ከወረዱ ከ150 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ከእኛ መንደር ግን ዛሬም ጭነት እየወጣ ነው። ጫኙም እንግሊዛዊ አይደለም። ከጫኞቹ አንዱ እኔ ነበርሁ።

አያቴ የሚኖሩት ከደጎሎ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ርቆ ነው። መሬቱ ጥቁር መረሬ ስለ ሆነ በክረምት እግር ይይዛል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በጥቅምት ጧት አመዳዩ ሣሩን ያነጣዋል። አፋፉ ላይ ሲወጡ ታች የወንጪት ሸለቆ ጭጋግ ለብሶ ይታያል። ይህን ሁሉ ሳየው ስላደግሁ እንደ ቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም። በአያቴ ቤት ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖር የነበረውንም አገልግል እንዲሁ።

አገልግሉ ከአክርማና ከስንደዶ የተሰፋ፣ በፍየል ቆዳ የተለበጠ፣ የጠፍር ማንገቻ ያለው ነበር። የአያቴ አባት በ1928 ዓ.ም. ወደ ማይጨው ሲዘምቱ ሚስታቸው ድርቆሽና በሶ የሰነቁላቸው በዚሁ አገልግል ነው። እርሳቸው በሕይወት ሲመለሱ አገልግሉም አብሯቸው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ለሠርግም ለለቅሶም እህል ሲመላለስበት ኖረ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አሮጌ ዕቃ እየዞረ የሚገዛ አንድ ነጋዴ ወደ መንደራችን መጣ። አያቴ ለቅሶ ሄደው ነበር። እኔም ጫማ ያስፈልገኝ ስለ ነበር አገልግሉን አውርጄ ሸጥሁለት። ክዳኑን አያቴ የእርሾ ማሰሮ ከድነውበት ስለ ነበር እርሱ ብቻ ቀረ። ነጋዴው «ያለ ክዳንም ይሆናል፤ የሚፈለገው ለጌጥ ነው» አለኝ። በገንዘቡ የገዛሁት ጫማ ዓመት አልሞላውም። አያቴ ሲመለሱ ባዶውን ችካል አይተው ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልሁ።

ዓምና በአንድ ከተማ ሆቴል መግቢያ ላይ የፕላስቲክ አበባ የተሰካበት ክዳን የሌለው አገልግል አየሁ። የእኛው ይሁን የሌላ ሰው ለመለየት አልቻልሁም። አስተናጋጁን «ይህ ምንድን ነው?» ብለው «ባህላዊ ዕቃ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ በላይ የሚለው አልነበረውም።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ስገባ በመጨረሻ ለአያቴ ተናዘዝሁ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ሰውዬው የማን እንደ ነበረ ጠየቀህ?»

«የለም፣ አልጠየቀኝም።»

«አንተስ ነገርኸው?»

«አልነገርሁትም።»

«እንግዲያው የሸጥኸው ሣርና ቆዳ ነው። አገልግሉ እዚሁ እኔ ዘንድ ነው» አሉኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከዚህ ንግግር ወዲህ የሚያስጨንቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። አገልግሉ ያለው አያቴ ዘንድ ከሆነ፣ አያቴ ሲያልፉ ወዴት ይሄዳል?

በዚያ ሌሊት ደብተሬን አውጥቼ የሚናገሩትን መጻፍ ጀመርሁ። አያቴ ወደ ደጎሎ በትዳር የመጡት ከመካነ ሰላም በኩል፣ ከደንቆሮ ጫካ ግርጌ ነው። ዛሬ በብሔራዊ ፓርክነት የተከለለው ያ ደጋ ጅብራና አስታ የሚበቅልበት፣ ጭላዳ የሚሰማራበት ውርጫም አገር ነው። እረኛ በነበሩበት ጊዜ ዝናብ ሲመጣ ገሳ ይደርቡ እንደ ነበር ነገሩኝ። ገሳ ከጓሳ ሣር ተጐንጕኖ የሚሠራ የዝናብ ልብስ ነው፤ የለበሰው ሰው ቁጭ ሲል ከሩቅ የሣር ክምር ይመስላል። ጓሳው መቼ እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚጐነጐን፣ ስንት ክረምት እንደሚያገለግል ሲዘረዝሩልኝ እኔ የማላውቃቸውን ብዙ ቃላት ተጠቀሙ። አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ስቀመጥ እነዚህን ቃላት አንድም ቀን ሰምቻቸው አላውቅም። ቃሉ ሲጠፋ የሚጠፋው ልብሱ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ሣር ዝናብ እንደሚመልስ የሚያውቀው ዕውቀትም አብሮ ይጠፋል።

ይህ ነገር በሌላም አገር ደርሷል። በጃፓን ሰሜናዊ ደሴት በሆካይዶ አይኑ የሚባል ሕዝብ አለ። እነርሱም በብርዳቸው አገር ከዛፍ የውስጥ ልጥ ፈትለው ልብስ ይሸምኑ ነበር። የጃፓን መንግሥት በ1891 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች የነበሩትን አይኑዎች ገበሬ ለማድረግ ተነሣ፤ ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ገብተው ጃፓንኛ እንዲናገሩ ተደረገ። በዚያው ዘመን ምሁራኑ የአይኑን ዕቃ፣ የሙታናቸውን አጥንት ሳይቀር፣ እየሰበሰቡ ወደ ዩኒቨርሲቲ ወሰዱ። ብዙ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ነባር ሕዝብ መሆናቸው በሕግ ታወቀ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ሺራኦይ በተባለ ስፍራ ብሔራዊ ሙዚየም ተከፈተላቸው። ልብሱ ዛሬ በመስታወት ውስጥ በክብር ይታያል። ቋንቋቸው ግን ዩኔስኮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል የቈጠረው ነው። ዕቃው ሲለቀም ተናጋሪው ተዘነጋ። ለእኛ ለተማሪዎችና ለመምህራን ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስለኛል።

«ይህማ የኋሊት መሄድ ነው፤ አገራችን የሚያስፈልጋት ትራክተርና ሐኪም ነው» የሚሉኝ ጓደኞች እንዳሉ አውቃለሁ። በአንድ ነገር እስማማለሁ። አያቴ እንስራ ተሸክመው ወገባቸው ጐብጧል፤ ጀሪካን ሲመጣ እፎይ ብለዋል። ማንም ሰው ለእኛ ትዝታ ሲል እንስራ ይሸከም፣ በሚያፈስ የሣር ጣራ ሥር ይደር አልልም። ቆርቆሮም ጀሪካንም ይምጣ። እኔ የምለው ዕቃውን ስንለውጥ ታሪኩን አብረን አንጣል ነው። መጻፍ ቀለምና ወረቀት እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።

ከዚህም የሚበልጥ ዕዳ አለብን። አያቴን «ይህን አገልግል በቆዳ የለበጠው ማን ነው?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። የአባታቸውን የዘመቻ ነገር ከነዝርዝሩ የሚያስታውሱት ሴት «እንጃ፣ አንድ ፋቂ ነው» ብለው አለፉት። ፋቂውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በስድብ እየጠራን፣ «ቡዳ» እያልን፣ በእጃቸው ሥራ ግን በልተንበታል፣ ለብሰነዋል። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ካወጡ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን ከመንደራችን አልወጣም። የሠሪው ስም የጠፋው ሌባ ሰርቆት አይደለም፤ እኛው አንፈልገውም ብለን ነው። ስለ ቅርስ ስንናገር ዕቃውን አመስግነን ሠሪውን የምንንቅ ከሆነ ንግግራችን ባዶ ነው።

ስለዚህ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በሚመጣው ክረምት እያንዳንዳችን ወደ ቤታችን ስንሄድ አንድ ደብተር እንያዝ። ዕቃ ይዘን አንምጣ፤ ዕቃው እዚያው ከባለቤቱ ጋር ይቀመጥ። የምናመጣው የአምስት ጥያቄዎችን መልስ ነው። ስሙ ማን ይባላል? ከምን ተሠራ፣ ያስ ነገር ከየት ይገኛል? ማን ሠራው? ከማን ወደ ማን ተላለፈ? ለምን አገለገለ? የአንዱ ቤት የብራና ዳዊት፣ የሌላው ቤት በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መንዙማ፣ የአንዷ ረከቦት፣ የሌላዋ ባና ሁሉም እኩል ይጻፍ። ባለቤቱ እንዳይነገር የሚፈልገውን ግን አንጻፍ፤ መጻፍ ለሌባ አድራሻ መስጠት መሆን የለበትምና። ደብተሮቹን የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ቢረከበን፣ የታሪክና የአማርኛ መምህራኖቻችንም ቢያርሙን ሥራው ፍሬ ይኖረዋል። የተማሪዎች ማኅበራችንም ይህን አሳብ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲወያይበት እጠይቃለሁ።

መቅደላ ላይ የተወሰደውን እንዲመልሱ ለንደንን እንጠይቅ። ግን ለንደን ዞሮ «እናንተ ቤት የቀረውንስ ምን አደረጋችሁት?» ብሎ ቢጠይቀን የምንመልሰው ይኑረን። እኔ እስካሁን መልስ አልነበረኝም። አሁን አንድ ደብተር አለኝ፤ ግማሹም አልሞላም። አያቴም አርጅተዋል።