ፎቶግራፍ ማንሣትና ፎቶግራፍ ማቆየት

በዚህ ወር ስለ ፎቶግራፍ አነሣሥ ለመጻፍ ያሰብነው ጥያቄው ከቢቸናም ከሞጣም ስለ በዛብን ነው። ከጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር ካሜራ ያለው ስልክ የላኩላቸው ወላጆች ናቸው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ገና ካሜራ ገዝተው ሙያውን ሊጀምሩ የሚሹ ወጣቶች ናቸው። የሁሉም ቃል ግን አንድ ነው፤ «መሣሪያው ደኅና ነው ይሉናል፤ እኛ ስናነሣበት ግን ፊቱ ይጠቁራል፣ አለዚያም ይደበዝዛል» ይላሉ። ይህንን እንደ ዐቅማችን እንመልሳለን። ዳሩ ግን ጠያቂዎቻችን ያልጠየቁት፣ እኛን ግን ከዚህ አብልጦ የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የተነሣው ፎቶግራፍ መድረሻው ወዴት ነው የሚለው ነው።

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ፎቶግራፍ የቤተ መንግሥት ነገር ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነው ሠርተዋል፤ ሙያውንም ልጆቻቸው ወርሰው በንግሥት ዘውዲቱና በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጥለውበታል። በኋላ ፎቶ ቤት በየከተማው ሲከፈት የባላገሩም ሰው ለገበያ ወይም ለፍርድ ቤት ጉዳይ በመጣ ጊዜ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ጭራውን ይዞ፣ በቀለም በተሣለ መጋረጃ ፊት ቆሞ ይነሣ ጀመር። የተለመደው የፊልም ጥቅል ቢበዛ 36 ፎቶግራፍ ብቻ ስለሚይዝ አንሺውም ተነሺውም ይጠነቀቁ ነበር። ብዙው ሰው በዕድሜው የሚነሣው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው፤ ያ አንዱ ግን በመስተዋት ገብቶ ከግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። የዛሬው ወጣት በአንድ ሠርግ ላይ 500 ያነሣል፤ ሙሽሮቹ የመጀመሪያ ልጃቸውን ክርስትና ሳያስነሡ ግን ከ500ው አንዱ እንኳ ተፈልጎ አይገኝም።

አንዲት የሞጣ እናት ያጫወቱንን እንንገራችሁ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ለሙት ዓመታቸው መታሰቢያ የሚሆን ፎቶግራፍ ፈለጉ። ሟቹ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር፣ ከበሬዎቻቸው ጋር፣ በጥምቀት ዕለት ከጎረቤት ጋር ብዙ ጊዜ ተነሥተዋል፤ ሁሉም ግን በአንድ ልጃቸው ስልክ ውስጥ ነበር፤ ስልኩም ልጁ ወንዝ ሲሻገር ውኃ ገብቶበት ከጥቅም ውጭ ሆኗል። በመጨረሻ የተገኘው በመታወቂያቸው ላይ የተለጠፈው ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ሆነ። እርሱኑ አስተልቀው ሰቀሉት። «እሱ እንዲህ ኮስታራ ሰው አልነበረም» ይላሉ እኒያ እናት፣ ባዩት ቁጥር።

እንግዲህ ወደ ትምህርቱ እንግባ። ካሜራ የሚለው ቃል በላቲን ቋንቋ ክፍል ማለት ነው፤ ነገሩም በእርግጥ ጨለማ ክፍል ነው። በሩ በተዘጋ ቤት ውስጥ በጠባብ ቀዳዳ የገባ ብርሃን፣ በደጅ የሚያልፈውን ሰው ከግድግዳው ላይ ገልብጦ ሲያሳይ ያያችሁ ትኖራላችሁ፤ የካሜራም ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም። ቀድሞ ያንን ብርሃን የሚቀበለው ፊልም ነበር። በዲጂታሉ ካሜራ ግን በፊልሙ ፈንታ እጅግ ጥቃቅን ነጥቦች የተደረደሩበት ገበታ አለ፤ እያንዳንዱ ነጥብ የደረሰውን የብርሃን መጠን በቁጥር ይመዘግባል፤ ዲጂታል መባሉም ከዚሁ ከቁጥሩ የተነሣ ነው። የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 10,000 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ አንዱን ፎቶግራፍ በካሴት ላይ ለመመዝገብም 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው። ስለዚህ ሻጩ «ይኸኛው 50 ነው፣ ያኛው 100 ነው» እያለ ዋጋ ቢያስወድድባችሁ አትደናገጡ፤ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ የአልበም ፎቶግራፍ 2 ሚሊዮን ነጥብ ይበቃል። የተረፈውን ገንዘብ ለማሳተሚያ አድርጉት።

ካሜራው ብርሃንን የሚመጥነው በሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም በመስኮቱ ስፋት፣ መስኮቱ ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜና አይ ኤስ ኦ በሚባለው የገበታው የብርሃን ስሜት ነው። ስልክ ሦስቱንም በራሱ ያስተካክላል፤ ካሜራ የገዛ ሰውም ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አውቶማቲክ በሚለው ቢሠራ ነውር የለበትም። ነገር ግን ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ቤቱ ጨለማ ሲሆን መስኮቱ ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ ይቆያል፤ በዚያች ቅጽበት ሕፃኑ ቢንቀሳቀስ ወይም የአንሺው እጅ ቢንቀጠቀጥ ይደበዝዛል። የገበታው ስሜት ከመጠን በላይ ከፍ ሲልም ፎቶግራፉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ለሁለቱም መድኃኒቱ ብርሃን ወዳለበት መውጣት ነው።

ፊቱ የሚጠቁርበት ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ካሜራ የተሰጠውን ብርሃን ሁሉ በአንድነት ይገምታል እንጂ የእናትን ፊት ከደጁ ሰማይ ለይቶ አያከብርም። ሰውዬው በሩን ከኋላው አድርጎ ሲቆም ካሜራው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ሁሉንም ያጠቁረዋል፤ ሰማዩ ያምራል፣ ፊቱ ግን ከሰል ይሆናል። ነጭ ጋቢና ነጭ ነጠላም እንዲሁ ያታልሉታል፤ ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ለብሶ በሚወጣበት በጥምቀት ዕለት የሚነሡት ፎቶግራፎች ፊታቸው የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። በስልክ የምታነሡ ከመጫናችሁ በፊት በመስተዋቱ ላይ የሰውየውን ፊት በጣታችሁ ንኩ፤ ያን ጊዜ ብርሃኑን በፊቱ መጠን ይመጥናል። በካሜራ የምታነሡ የመደመር ምልክት ያለበትን ፈልጋችሁ ጥቂት ጨምሩ።

ከዚህም ሁሉ ቀላሉ ሰውየውን ማዞር ነው። የአገራችን ቤት ብዙውን ጊዜ አንድ በር ያለው በመሆኑ ብዙዎች ቤት ውስጥ ፎቶግራፍ አይነሣም ይላሉ፤ እኛ ግን ከዚያ የተሻለ የፎቶ ቤት የለም እንላለን። አያትን ከደፉ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ገባ አድርጋችሁ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙራችሁ አስቀምጧቸው፤ እናንተ ከመቃኑ ጎን ጠጋ ብላችሁ ብርሃኑን ሳትጋርዱ አንሡ። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ስለ ሆነ የፊታቸው መሥመር ሁሉ በጥላና በብርሃን ተለይቶ ይወጣል። ፍላሽ የሚባለውን ብልጭታ ግን አንወደውም፤ ፊትን እንደ ግድግዳ ያለሰልሳል፣ ዓይንንም ያስደነግጣል። በደጅ ሲሆን ደግሞ ቢቸናና ሞጣ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያሉ ስለ ሆኑ የቀትሩ ፀሐይ ብርቱ ነው፤ ከቅንድብ ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ማንሣት ይሻላል፤ የግድ በቀትር ከሆነም ከወይራ ወይም ከጽድ ጥላ ሥር አስጠጉ። ብዙ ሰው በክረምት ደመናው ፎቶግራፍ ያበላሻል ብሎ ይተዋል፤ ደመና ግን ብርሃንን የሚያጠራ ወንፊት ነውና ለፊት እጅግ ይስማማል።

ስለ አያያዝ ለጎጃም ሰው ብዙ መናገር አያሻም፤ አነጣጥሮ መተኮስን የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ሁለቱን ክርን ከጎን አጣብቆ፣ ትንፋሽን ያዝ አድርጎ፣ ቃታ እንደሚሳብ ቀስ ብሎ መጫን ነው። ከዚያ በፊት ግን መስተዋቱን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ ወጥ በነካ እጅ የተያዘ ስልክ ጭጋግ የመሰለ ፎቶግራፍ ያወጣል። የራቀውን ለማቅረብም በስልኩ ላይ በሁለት ጣት አትለጥጡት፤ በእግራችሁ ቅረቡ።

ምን ይግባ፣ ምን ይቅር ለሚለው ግን ከዚሁ ከአገራችን የተገኘ ትልቅ ምሳሌ አለን። ከሞጣ ወደ ዐባይ ሲወርዱ ሰባራ ድልድይ የሚባለው አለ፤ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ ሲቀር መንገደኛው ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ኔቫዳ ዊየር የተባሉ አሜሪካዊት ፎቶግራፍ አንሺ ይህንን አንሥተው ናሽናል ጂኦግራፊክ በተባለው መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንዝ የተባሉ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ እ.ኤ.አ. በ2001 ይህንን ፎቶግራፍ አይተው ልባቸው ተነካ፤ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቁመው እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረሰውን አስጠገኑ። ያንን ኋላ ጎርፍ ቢያበላሸውም እ.ኤ.አ. በ2009 በዚያው አቅራቢያ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቷል፤ ድርጅቱም በሌሎች አገሮች ብዙ ድልድዮች ሠርቷል። አስተውሉ፤ ፎቶግራፉ ስብራቱን፣ ገመዱን፣ በሁለቱም ወገን የሚጎትቱትን ሰዎች በአንድነት ይዟል። አንሺዋ ቀርበው የተንጠለጠለውን ሰው ፊት ብቻ ቢያነሡ ኖሮ በአሜሪካ የተቀመጠ ሰው ምን ያውቅ ነበር?

የእናንተም ቤት እንዲሁ ነው። አባት ሸማኔ ከሆኑ ከነመወርወሪያቸው፣ ገበሬ ከሆኑ ሞፈራቸውን ተሸክመው፣ እናት ጥጥ ሲፈትሉ ከነእንዝርታቸው ይነሡ፤ እጃቸው አይቆረጥ። የማይነግረንን ደግሞ አስወጡ፤ ከኋላ የቆመ ቢጫ ጀሪካን ወይም ከአናታቸው የበቀለ የመሰለ የመብራት ምሰሶ ካለ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ማለት ይበቃል። ሰውንም ሳታስፈቅዱ አታንሡ፤ ይልቁንም በለቅሶ ቤት። በቤተ ክርስቲያን የአገልጋዮቹን ፈቃድ ሳትጠይቁ፣ በቅዳሴም ጊዜ በሰው መካከል እየተሹለከለካችሁ አታንሡ፤ በብራና መጽሐፍና በጥንታዊ ሥዕል ላይም ፍላሽ አታብሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደርሰናል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የአገራችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር በኮሌጅቪልም እንዲቀመጥ ሆኗል። አንዱ ቦታ አደጋ ቢደርስበት ሌላው ይተርፋልና። የቤተ ሰብም ፎቶግራፍ እንዲሁ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ ከስልኩ ተገልብጦ በልጅ ኮምፒዩተር ወይም በሚሞሪ ካርድ ይሁን፤ ሁለተኛው በሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ይላክ። በቴሌግራም ስትልኩ «እንደ ፋይል» በሚለው ላኩት፤ በተራው መንገድ የተላከ ፎቶግራፍ ነጥቡ ተቀንሶ ይደርሳል። ሁሉንም ግን አትቆልሉ። ከአንድ ክርስትና በዚያው ማታ 12 መርጣችሁ ሌላውን ብታጠፉ የቀሩት ይታያሉ፤ 500 የቆለለ ሰው አንዱንም ተመልሶ አያይም።

ካሜራው በሆዱ የያዘው ቀን የፈረንጆቹ ነው፤ ሰዓቱ ከተዛባም የሚመዘግበው ሁሉ ይዛባልና መጀመሪያ አስተካክሉት። ከዚያ የመረጣችሁትን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በፎቶ ቤት በወረቀት አሳትሙ፤ ወረቀት ባትሪ አያልቅበትም። በጀርባውም ሳትጫኑ በለስላሳ እርሳስ የእያንዳንዱን ሰው ስም ከነአባቱ፣ ቦታውንና በእኛ አቆጣጠር ዕለቱን ጻፉ፤ እርሳሱ አልጽፍ ካለ በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ ከአልበሙ ጋር አኑሩት። «አያቴ ከጎረቤት ጋር» ብላችሁ አትጻፉ፤ የጎረቤትየዋን ስም ዛሬ አያታችሁን ጠይቁ።

በሚመጣው ወር ያረጁና የተቀደዱ ፎቶግራፎችን በስልክ እንደ ገና ስለማንሣት እንጽፋለን፤ እስከዚያው ከግድግዳ ላይ ያሉትን አውርዳችሁ በጀርባቸው የተጻፈ ነገር እንዳለ ተመልከቱ።