ስለ አሮጌ የጭነት መኪና ማሞቂያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ አገር በክረምት ጉም፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ደግሞ ውርጭ አለ። ከበሩ ወዲያ እስከ ደብረ ሲና ድረስ ያለው ቁልቁለት ጠመዝማዛና ገደላም ነው። ዘር ወይም ማዳበሪያ ጭኖ በዚህ መንገድ የሚወርድ ሹፌር መስተዋቱ በጉም ቢሸፈንበት፤ መኪናውን የሚመራው በዐይኑ ሳይሆን በግምት ነው።

ስለዚህ ማሞቂያ የምቾት ዕቃ ነው፤ ቢበላሽም ሹፌሩ ካፖርት ይደርብ የሚለው አነጋገር ፍጹም ስሕተት ነው። ካፖርት ሰውን ያሞቃል እንጂ መስተዋትን አይጠርግም። ፍሬኑ የማይሠራ መኪና ከግቢ እንዳይወጣ የሚከለክል ሹም፤ ማሞቂያው የማይሠራውንም ወደ ደጋ መንገድ እንዳይወጣ መከልከል ይገባዋል።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰው እጅ ነው። አሮጌ ሞተር ሲግል አንዳንዱ ሠራተኛ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥለዋል። ይህ ትንሽ ዕቃ ውሃው 80 ወይም 90 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ይቆያል፤ ሲሞቅም ይከፍታል። እርሱ ከወጣ ሞተሩ በብርድ አገር በቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ያበዛል፤ ዘይቱ ይበላሻል፤ ማሞቂያውም ብርድ ይነፋል። የመጀመሪያው ሕመም፤ ማለት የተደፈነው ራዲያተር ወይም የላላው ቺንጊያ ወይም የደከመው የውሃ ፓምፕ፤ ሳይታከም ይቀራል።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ቅደም ተከተል ይበቃል። መጀመሪያ ሞተሩ በርዶ ሳለ የራዲያተሩን ውሃ መመልከት ነው፤ በጋለ ጊዜ ክዳኑን መክፈት ሰውን ያቃጥላል። ውሃው ከጎደለ በማሞቂያው ውስጥ አየር ስለሚገባ፤ ሞተሩ ሞቆ ሳለ እንኳ የሚነፋው ብርድ ነው። ውሃው ሙሉ ሆኖ፤ መኪናው ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ የሙቀቱ መርፌ ካልተነሣ ቴርሞስታቱን መመርመር ነው። መርፌው ከተነሣ ግን ሞተሩን አጥፍቶ፤ ወደ ማሞቂያው የሚገባውንና የሚወጣውን የጎማ ቱቦ በጥንቃቄ መዳሰስ ነው። አንዱ ሞቆ ሁለተኛው ከቀዘቀዘ ማሞቂያው በዝገት ተደፍኗል፤ ወይም የውሃው መክፈቻ ተዘግቷል። ሁለቱም ከሞቁ ጥፋቱ በነፋሱ በኩል ነው፤ ማራገቢያው ዝም ካለ ፊውዙን፤ ነፋሱ ወደ እግር እንጂ ወደ መስተዋት ካልወጣ የመዝጊያውን ሽቦ ማየት ነው። በመስተዋቱ ላይ ቅባት ያለው ጉም፤ በሹፌሩም እግር ሥር ርጥበት ከተገኘ ማሞቂያው ራሱ ያፈሳል ማለት ነው።

ሹፌሩም የበኩሉ ሥራ አለው። እርጥብ ጆንያና ልብስ ከአጠገቡ ያርቅ፤ የመስተዋቱን ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ ይወልውል፤ የውጭ አየር ያስገባ። ውርጭ በያዘው መስተዋት ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ መስተዋቱን ይሰነጥቃል። በራዲያተሩም የወንዝ ውሃ ከመጨመር ይጠንቀቅ፤ ደለሉ ቧንቧውን ይደፍናል። ንጹሑም ውሃ ቢሆን ወደ በረዶ ሲለወጥ 9 ከመቶ ያህል ስለሚሰፋ የሞተሩን ብረት ሊሰነጥቅ ይችላል። አንቲፍሪዝ የሚባለውን ፈሳሽ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ቀላቅሎ መጨመር ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ለአሮጌ መኪና ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አሮጌው መኪና የሚጭነው እህል አሮጌ አይደለም፤ የሚነዳውም ሰው ነፍስ ምትክ የላትም። የአንድ ቴርሞስታት ዋጋ ገደል ከገባ ጭነት ጋር ከቶ አይመዛዘንም፤ ዘሩም የመዝሪያው ወራት ካለፈ በኋላ ቢደርስ ለገበሬው አይጠቅመውም።

እንግዲህ አገር የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና መኪና ያላቸው ባለ እርሻዎች ሁሉ፤ በግንቦት ጉሙ ሳይመጣ፤ በመስከረምም ውርጩ ሳይጀምር፤ የመኪናዎቻቸው ማሞቂያ እንዲመረመርና የተገኘው ጥፋት በመዝገብ እንዲጻፍ ቢያዝዙ መልካም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።