ሙግት፦ ወዳጅነት የወንጌል መንገድ ይሁን?

ይሁን

ክርስትና ወደ አክሱም የገባው በተሾመ ሰባኪ እጅ አልነበረም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ እንደሚተርከው፣ ፍሬምናጦስ በልጅነቱ ተማርኮ በንጉሡ ቤት ያደገ ሰው ነው። ሥልጣን እጁ በገባ ጊዜ ለንግድ ከሚመላለሱት ሮማውያን መካከል ክርስቲያን የሆኑትን አፈላልጎ የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያበጁ አደፋፈራቸው። ወደ እስክንድርያ ሄዶ ከአትናቴዎስ ጵጵስና የተቀበለው ከዚህ በኋላ ነው። ነጋዴው ቀደመ፣ ጳጳሱ ተከተለ። ተራው ምእመን በጸሎቱና በወዳጅነቱ ለሚያውቀው ሰው እምነቱን መመስከሩን እንደ ትርፍ ሥራ የሚቆጥሩ ሰዎች ይህን ቅደም ተከተል ቢያጤኑት እወዳለሁ።

የሐዋርያት ሥራም የሚነግረን ከዚህ የራቀ አይደለም። እስጢፋኖስ ተገድሎ ስደት ሲነሣ ሐዋርያቱ ኢየሩሳሌም ቀሩ፤ በየደረሱበት ቃሉን ያወሩት የተበተኑት ምእመናን ናቸው። ክርስቲያን የሚለው ስም በወጣባት በአንጾኪያ ለግሪኮች መናገር የጀመሩት የቆጵሮስና የቀሬና ሰዎች በስማቸው እንኳ አልተጠቀሱም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ኬልሱስ የተባለው ፈላስፋ፣ ኦሪገን መልስ ሲጽፍለት ባቆየልን ክሱ፣ ሱፍ ሠሪውና ጫማ ሰፊው፣ ልብስ አጣቢውም ጭምር በየጓዳው ሴቱንና ልጁን ያስተምራሉ ብሎ ያማርራል። ሊሰድብ ነው የጻፈው። ለእኔ ግን የጠላት ቃል ስለሆነ ከወዳጅ ምስክርነት ይበልጥ ይታመናል።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ሶሺዮሎጂስቱ ሮድኒ ስታርክ ከጆን ሎፍላንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ወደ አዲስ እምነት የሚገቡት በአብዛኛው ትምህርቱን መዝነው ሳይሆን አስቀድሞ በገባ ወዳጅ ወይም ዘመድ በኩል መሆኑን አሳየ። ጥንታዊቷ ቤተ ክርስቲያን በአራተኛው መቶ ዘመን የደረሰችበት ብዛት ላይ ለመድረስ በየአሥር ዓመቱ 40 በመቶ ገደማ ማደግ ይበቃት እንደነበረም እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መጽሐፍ አስልቷል። አሥር ምእመናን ተባብረው በአሥር ዓመት አራት ሰው ማምጣት ማለት ነው። ለዚህ ስታዲየም መከራየት አያስፈልግም።

ከአገራችን ወላይታ አለ። የውጭ ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ገደማ ሶዶ ገብተው በ1929 ጣሊያን ሲያስወጣቸው፣ የተጠመቁት ወላይታዎች ከመቶ አይሞሉም ነበር። ከድል በኋላ ሲመለሱ፣ ሚሲዮኑ ራሱ እንደገመተው፣ 10,000 ያህል አማኝ ጠበቃቸው። በመካከሉ የውጭ ሰባኪ የለም፤ በወላይትኛ የተተረጎመ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስም የለም። መሪዎቹ ተገርፈዋል፣ ታስረዋል። ወኅኒው ደግሞ እስረኛ አይቀልብም ነበር፤ ስንቅ የሚመጣው ከቤት ነበር። የሥጋ ዘመድ ያልሆነ ሰው ለታሰረ አማኝ እንጀራ ተሸክሞ ሲመላለስ ያየ ጎረቤት፣ ይህ ምን ዓይነት ዝምድና ነው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ያ ጥያቄ ያደረገውን በዚያ ጊዜ የትኛውም ስብከት ሊያደርገው ባልቻለ።

እንዲህ ከሆነ ወዳጅነት ማጥመጃ ሆነ የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ መልሱ ግን ጸሎቱ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በየማለዳው የአንድን ሰው ስም ጠርቶ የሚጸልይ ሰው፣ የዚያ ሰው የቤት ኪራይ እንደተጨመረ፣ ልጁ በማትሪክ እንደወደቀ ሳያውቅ ብዙ ቀን ሊጸልይ አይችልም፤ የሚለው ያልቅበታል። ጸሎቱ ጎረቤቱን ከመለወጡ በፊት ጸላዩን ጆሮ ያለው ሰው ያደርገዋል። ደግሞስ ለራሱ ከሕይወቱ የሚበልጥበትን ነገር ከወዳጁ ደብቆ፣ ስለ እግር ኳስና ስለ ዶላር ምንዛሬ ብቻ እያወራ ሃያ ዓመት የሚኖር ሰው፣ እሱ ነው ወዳጁን ያከበረ?

አይሁን

እኅቴ ያቀረቡትን ታሪክ አልክድም፤ ሳይጨርሱት ግን አቆሙ። ፍሬምናጦስ ጸሎት ቤቱን አደራጅቶ እዚያው አልተቀመጠም፤ ባሕር ተሻግሮ ጳጳስ ይላክ አለ። ነጋዴዎቹ ይበቃሉ ብሎ ቢያስብ ኖሮ ያን ያህል መንገድ ባልደከመ። ወላይታም እንዲሁ ነው። ከጋሞ የተነሣው ኢሳ ላሌ ለመናፍስት መገበር ይቅር፣ አንዱን ፈጣሪ ለምኑ እያለ በአካባቢው በመዞር መሬቱን አስቀድሞ አለስልሶት ነበር። በኋላም አብያተ ክርስቲያናቱ ራሳቸው ወንጌላውያን እየመረጡ ወደ ጎረቤት አገሮች ልከዋል። የተላከ ሰው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ በግልጽ ይታወቃል፤ ቢያጠፋም የሚጠይቀው አለ።

የስታርክና የሎፍላንድ ጥናት ደግሞ የተጠቀሰው በተቃራኒው ቢሆን ይሻል ነበር። እነሱ ያጠኑት የአንጾኪያን ክርስቲያኖች አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ የነበሩ ጥቂት የኮሪያዊው የሰን ምዩንግ ሙን ተከታዮችን ነው። ያገኙትም ወዳጅነት ለማንኛውም ትምህርት መሻገሪያ እንደሚሆን ነው። መንገዱ መሥራቱ ትክክል መሆኑን አያስረዳም። እንዲያውም ሰው ትምህርቱን ሳይመዝን ወዳጁን ተከትሎ የሚገባ ከሆነ፣ ወንጌልን የሚወድ ሰው በዚህ ሊደሰት ይገባዋል? ነገ ሌላ ወዳጅ ሲያገኝስ?

መልእክታቱን ለሚያነብ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ጳውሎስ ለምእመናን ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ምላስ ብዙ ሲያዝዝ፣ ሄዳችሁ ጎረቤታችሁን አሳምኑ የሚል ትእዛዝ ግን እምብዛም አይገኝበትም። ለተሰሎንቄ ሰዎች በጸጥታ ኑሩ፣ በእጃችሁ ሥሩ ይላቸዋል። ለቆላስይስ ሰዎች ለእያንዳንዱ እንዴት እንደምትመልሱ እወቁ ይላል። ጴጥሮስም ዝግጁ ሁኑ የሚለው ለሚጠይቃችሁ መልስ ለመስጠት ነው፤ ያውም በየዋህነት። ወንጌላዊነትን የኤፌሶን መልእክት የሚቆጥረው ለአንዳንዶች በተሰጠ ስጦታ ነው። የታወቀው የምእመን ድርሻ መኖርና ሲጠየቁ መመለስ ነው።

አሁን ወደ ሰፈር እንውረድ። አዲስ ጎረቤት ቡና ትጠራለች። አቦሉ ላይ ወሬው ስለ ዘይት ዋጋ ነው፣ ቶናው ላይ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት። በረካው ላይ «እሑድ እኛ ጋ ብትመጪስ?» ይመጣል። ጥያቄው በራሱ ነውር የለበትም። ተጋባዧ ግን እዚያው ተቀምጣ አቦሉንና ቶናውን መልሳ መመዘን ትጀምራለች፤ ያ ሁሉ ጨዋታ ለዚህ ነበር እንዴ? «እኔ በሃይማኖቴ ነኝ» ብላ ብትመልስና በሚቀጥለው ሳምንት ባትጠራ፣ ጥርጣሬዋ ተረጋገጠ። እንደዚህ ከተገዛ ነፍስ ይልቅ የጠፋው ጉርብትና ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ፕሮቴስታንቱም ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም በአንድ ዕድር ድንኳን ሥር የሚላቀሱበት አገር ውስጥ ያ ጉርብትና በቀላሉ አይተካም። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 10.2 በመቶ የነበረው የፕሮቴስታንት ድርሻ በ1999 ወደ 18.6 ሲወጣ የኦርቶዶክሱ ከ50.6 ወደ 43.5 ወርዷል። ቆጠራ ማን ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፣ ልደትም የራሱ ድርሻ አለው፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከሚችለው በላይ አላናግረውም። ሆኖም በብዙ ሰፈር የሚመሰከርላት ሴት የክርስቶስን ስም ከእናቷ ጡት ጋር የጠጣች መሆኗ የታወቀ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሁለቱ ሰዎች እኩል ያልሆኑበት ቦታ ነው። ደመወዟን የምትከፍላት እመቤት ለቤት ሠራተኛዋ ማታ ማታ ስትመሰክር ልጅቷ ምን ማለት ትችላለች? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ማንም ሰው እምነት የመያዝ ነፃነቱን በሚገድብ ግዴታ ሊያዝ አይገባም ሲል የፖሊስ ዱላን ብቻ ያሰበ አይመስለኝም። ስለዚህ መለኪያ ላቅርብ። የጸሎት ደብተራችሁን አውጡና ስሙ የተጻፈበት ሰው ፊት ዘርጉት። «እንዲህ እንድትሆን በየቀኑ እለምናለሁ» ብላችሁ ሳታፍሩ ልታነቡለት ከቻላችሁ ወዳጅነቱ ንጹሕ ነው። ካልቻላችሁ ሰውየው ያልተነገረው ዕቅድ ውስጥ ነው ያለው።

መልስ

የወንድሜን መለኪያ ያለ ማንገራገር እቀበላለሁ፤ ደብተሩ ይዘርጋ። የሠራተኛዋንም ነገር እቀበላለሁ፤ ደሞዝ ከፋይ አፉን ቢዘጋ ይሻላል። ነገር ግን ሳውዲም ሆነ ቤይሩት በሰው ቤት የምታገለግል የእኛ ልጅ ስትጾምና ስትጸልይ፣ የቤቱ ሴት ልጅ «ምን ትያለሽ?» ብላ ብትጠይቃት ኃይሉ ያለው በየትኛው ወገን ነው? የኬልሱስ ልብስ አጣቢዎችም እንዲሁ ከታች የነበሩ ሰዎች ናቸው። ወንድሜ ያነሡት አደጋ የሚደርሰው ከላይ ወደ ታች ሲሆን ነው፤ መፍትሔያቸው ግን ከታች ያለውንም ዝም ያሰኛል።

ሲጠየቁ ብቻ መመለስ የሚለው አልዋጥልኝ አለ። የማያውቁትን ሰው ማን ይጠይቃል? የበረካዋ ሴትዮ ጥፋቷ መጠየቋ አይደለም፤ እምቢ ስትባል ቡናውን ማቋረጧ ነው። እሱ ይታረም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትጥራት፣ በዓመቱም ትጥራት። ሰው ትምህርቱን ሳይመዝን ወዳጁን ይከተላል ላሉትም፣ በእናት ጡት የተወረሰ እምነትስ ማን መዝኖት ነው? ወንድሜ ለአንደኛው ዝምድና የፈቀዱትን ለሁለተኛው የከለከሉበት ምክንያት አልታየኝም። ያነሡት አንቀጽ 27ም ከግዴታው በፊት የሚናገረው ሰው ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር፣ በግልም ሆነ በይፋ፣ እምነቱን የመግለጽና የማስተማር ነፃነት እንዳለው ነው። ለማስተማር ሹመት አልጠየቀም።