ሳይንና ኮሳይን ለጀማሪ ይከብዳሉን?

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለማስተማር የታሰበው ዕቅድ ከተጀመረ ወዲህ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየተማሪ ቤቱ «ሠርተፊኬቱን ወሰድህ ወይ?» መባባል የዘወትር ሰላምታ ሆኗል። ነገሩ መልካም ነው፤ የምናመሰግነውም ነው። ዛሬ ግን አንባቢዎቻችንን ልናነጋግር የፈለግነው ስለ አንዲት ትንሽ ጉዳይ ነው። ይኸውም ገና የመጀመሪያውን ፕሮግራም ለሚጽፍ ልጅ ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት የሚባሉትን ነገሮች ማስተማር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። ብዙ አሠልጣኞች አይገባም ይላሉ። እኛ ይገባል እንላለን፤ ምክንያታችንንም ከኮልፌ ቀራኒዮ እንጀምራለን።

በአየር ጤና አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ተማሪዎች የሚሰበሰቡበት አንድ ጠባብ ክፍል አለ። ኮምፒዩተሮቹ ያረጁ ናቸው፤ መብራትም አንዳንድ ጊዜ ይጠፋል። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ወዲህ አልፎ አልፎ ለማገዝ እንሄዳለን። አንድ ቀን አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በስክሪኑ ላይ ሰዓት ለመሣል ትታገል ነበር። አሠልጣኙ ከአንድ መጽሐፍ የተወሰደ ፕሮግራም ሰጥቷት፣ «ይህ ሳይን ኮሳይን የሚለው ለናንተ ገና ነው፤ ዝም ብለሽ ገልብጪው» ብሏታል። ልጅቱም ገለበጠችው፤ ሰዓቱም ሠራ። ነገር ግን በቤቷ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ሲል የእርሷ ሰዓት ሦስት ይላል። የፈረንጅ ሰዓት ነበርና ነው።

«መምህር፣ የኛን ሰዓት እንዲያሳይ ማድረግ አይቻልም?» አለች። አሠልጣኙም ከሰዓቱ ላይ ስድስት ቀንሺ፣ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ ደግሞ አሥራ ሁለት ጨምሪ ብሎ አምስት መሥመር ያህል አስጻፋት። ይህም ይሠራል፤ ስሕተት የለበትም። እኛ ግን ከአጠገቧ ወንበር ስበን ተቀመጥንና ያን «ገና ነው» የተባለውን ነገር አብረን ማየት ጀመርን።

የሰዓት ቆጣሪው ጫፍ የት ላይ እንዳለ ለኮምፒዩተሩ ለመንገር ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፤ ከመካከሉ ወደ ቀኝ ምን ያህል እንደራቀና ወደ ላይ ምን ያህል እንደራቀ። ማዕዘኑን ከአሥራ ሁለት ቁጥር ጀምረን ወደ ቀኝ እያዞርን ብንቆጥር፣ ወደ ቀኝ ያለው ርቀት የቆጣሪው ርዝመት በማዕዘኑ ሳይን ሲባዛ ነው፤ ወደ ላይ ያለው ደግሞ ርዝመቱ በኮሳይኑ ሲባዛ ነው። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው። ስክሪን ከላይ ወደ ታች የሚቆጥር ስለሆነ ኮሳይኑ ይቀነሳል እንጂ አይደመርም፤ ይህን የማያውቅ ጀማሪ ሰዓቱ ተዘቅዝቆ ያገኘዋል፤ ተዘቅዝቆ ማግኘቱም ከአንድ ገጽ ንባብ የበለጠ ያስተምረዋል።

እንግዲህ በኛ ሰዓትና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት በሰዓት ፊት ላይ የክቡ ግማሽ ነው። ስለዚህ የኛ የሰዓት ቆጣሪ ምንጊዜም ከፈረንጁ ትክክል በተቃራኒው አቅጣጫ ያመለክታል ማለት ነው። ልጅቱ ይህን በወረቀት ላይ ሣለችው፤ ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያ የተጻፉላትን አምስት መሥመሮች በሙሉ ሰርዛ፣ በሰዓት ቆጣሪው ሳይንና ኮሳይን ፊት የነበሩትን ምልክቶች ብቻ ገለበጠቻቸው፤ የነበረው መደመር መቀነስ፣ የነበረው መቀነስ መደመር ሆነ። ሰዓቱም ሐበሻ ሆነ። ደቂቃ ቆጣሪውን አልነካችውም፤ ደቂቃው በሁለቱም አንድ ነውና። በትምህርት ቤት «የአንድ ማዕዘን ሳይን 180 ዲግሪ ሲጨመርበት ምልክቱ ይለወጣል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለፈተና ሸምድዳው ነበር። ሽምደዳው ምን ይሠራል ተብላ ብትጠየቅ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ መልስ አልነበራትም።

አሠልጣኙን እንወቅሰው ዘንድ አልተነሣንም። እርሱም የተማረው እንዲሁ ነው። ለጀማሪ ሳይንና ኮሳይን አይሰጥ የሚሉትም ሰዎች ያለ ምክንያት አልተናገሩም፤ ሒሳብ ብዙ ልጅ አስፈርቷል፣ የፈራም ልጅ በሁለተኛው ቅዳሜ አይመለስም። የደመወዝ መዝገብ ወይም የሱቅ ሒሳብ የሚሠራ ፕሮግራም ደግሞ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሳይን ሳያስፈልገው ሊኖር ይችላል። ይህን ሁሉ እንቀበላለን። የማንቀበለው «ዝም ብለሽ ገልብጪው» የሚለውን ነው። መገልበጥ የለመደ ተማሪ ነገ መሥሪያ ቤት ሲገባ የውጭ አገር ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ይገለብጣል፤ ሰዓቱ ሦስት ሲል ዘጠኝ መሆኑን በልቡ እያሰበ ይኖራል።

ከሁሉ ይልቅ ጀማሪውን የሚያሰናክለው ነገር ግን ሳይኑ ራሱ አይደለም። ራዲያን ነው። በትምህርት ቤት የ30 ዲግሪ ሳይን ግማሽ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ፓይተን በሚባለው ቋንቋ የ30ን ሳይን ብትጠይቁ ግን የሚመልሰው ከዜሮ በታች 0.988 ነው። ተማሪው ደንግጦ ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል ይላል። ኮምፒዩተሩ ጤነኛ ነው፤ 30 ራዲያን ብሎ ተረድቶ ትክክለኛውን መልስ ሰጥቷል። ራዲያን ምን እንደሆነ ለማስረዳት ደግሞ ሰሌዳ እንኳ አያስፈልግም። አንድ ችካል መሬት ላይ ትከሉ፤ አንድ ሜትር ገመድ እሰሩበትና ክብ አስምሩ፤ ከዚያ ያንኑ ገመድ በክቡ ዙሪያ ላይ አንጥፉት። ገመዱ የሸፈነው ማዕዘን አንድ ራዲያን ነው፤ በዲግሪ ቢቆጠር 57 ከጥቂት ይሆናል። ሙሉውን ዙር ለመሸፈን 6.28 ያህል ገመድ ያስፈልጋል። ዲግሪውን ወደ ራዲያን ለመለወጥ በፓይ አባዝቶ ለ180 ማካፈል ነው። አንድ መሥመር ትእዛዝ ነው፤ ያችን አንድ መሥመር ባለማወቅ ግን ስንት ቅዳሜ ባክኗል!

(እግረ መንገዳችንን፣ «ሳይን» የሚለው ቃል ራሱ የመገልበጥ ሰለባ ነው። በህንድ ሊቃውንት ዘንድ የደጋን ጅማት ማለት ነበር፤ ወደ ዐረብኛ ሲገባ ድምፁ ብቻ ተወሰደ፤ ከዐረብኛ ወደ ላቲን የተረጎሙት ሰዎች ግን «ጉያ» የሚል ቃል መስሏቸው ያንኑ በቋንቋቸው ጻፉት። ዓለም በሙሉ እስከ ዛሬ የማዕዘንን ጉያ ሲያሰላ ይኖራል።)

በኮልፌ አጠና ተራ የሚሠሩትን አናጢዎች የተመለከተ ሰው ይህ ትምህርት ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን ይረዳል። ስድስት ሜትር ወርድ ላለው ቤት የጣራው ጫፍ አንድ ሜትር ከሃያ ከፍ እንዲል ከተፈለገ፣ እያንዳንዱ ወራጅ፣ ከግድግዳው ውጭ የሚተርፈው ሳይቆጠር፣ 3 ሜትር ከ23 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል፤ የቆርቆሮውም ዘመም ማለት 22 ዲግሪ ገደማ ነው። አናጢው ይህን በገመድና በዓይኑ ያገኘዋል። ተማሪው በታንጀንት ያገኘዋል። ሁለቱ አንድ ቀን ቢገናኙ አጠና ሳይባክን ይቀራል።

አሁን ደግሞ ወደ ትልቁ ምሳሌያችን እንመጣለን። አባቶቻችን የጾሙን ዘጠኝ ሰዓት የሚያውቁት ጥላቸውን በጫማቸው እየለኩ ነበር። በግእዝ የተጻፉ የባሕረ ሐሳብ መጻሕፍት ውስጥ በየወሩና በየሰዓቱ ጥላ ስንት ጫማ እንደሚሆን የሚዘረዝሩ ሰንጠረዦች ይገኛሉ፤ ኦቶ ኖይገባወር የተባለውም የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ መርምሯቸዋል። እኛም ከተማሪዎቹ ጋር ያንን ሰንጠረዥ በፕሮግራም እንሥራው ብለን ተነሣን።

የመረጥነው ቀን ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበትን መጋቢት 11ን ነው፤ በዚያ ቀን ስሌቱ ይቀላልና። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ትሄዳለች፤ ከእኩለ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት 45 ዲግሪ ይሆናል። የ9ን ኮሳይን በ45 ኮሳይን ስናባዛ የፀሐይን ከፍታ ሳይን እናገኛለን። ልጆቹ ጻፉት፤ ኮምፒዩተሩም ፀሐይ ከምድር በታች 28 ዲግሪ ተኩል ያህል ናት አለ! ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ መስኮቱን ከፍተን ፀሐይ ዓይናችንን እየወጋችን ማለት ነው። ሳቁ ካቆመ በኋላ ያቺው የሰዓቷ ልጅ «ራዲያን!» ብላ ጮኸች።

ራዲያኑ ሲስተካከል የፀሐይ ከፍታ 44 ዲግሪ ሆነ፤ ጥላም ከሰውየው ቁመት ጥቂት የሚበልጥ ሆነ። ሰው በገዛ ጫማው ሲለካ ቁመቱ ስድስት ተኩል ጫማ ገደማ ስለሚሆን ጥላው ሰባት ጫማ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሁላችንም ወደ ግቢው ወጥተን ጥላችንን ለካን። አምስት ጫማ ሆነ። እንደገና ለካን፤ አምስት።

ፕሮግራሙ ተሳስቷል ወይስ ፀሐይ? በዚህ ላይ የተደረገው ክርክር በዩኒቨርሲቲ ከሰማናቸው ክርክሮች ከብዙዎቹ ይበልጥ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ምክንያቱ የተገኘው በሰዓቱ ውስጥ ነው። የአገራችን ሰዓት የተስተካከለው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መሥመር ነው፤ ይህም መሥመር የሚያልፈው በኦጋዴን በዋርዴር አቅራቢያ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በስተምዕራብ 6 ዲግሪ ከሩብ ያህል ስለምትርቅ ፀሐይ በአናታችን አቅጣጫ የምትደርሰው 25 ደቂቃ ዘግይታ ነው፤ በመጋቢት አጋማሽ ደግሞ ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት ፍጥነትና ዘንጓ ያዘመመ መሆኑ ሌላ ሰባት ደቂቃ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሰዓታችን ዘጠኝ ሲል የፀሐይዋ ዘጠኝ ሰዓት ገና ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቀረዋል። 45ቱን ዲግሪ በ37 ስንተካው ፕሮግራሙ ጥላውን አምስት ጫማ አለ። አባቶች በጥላ የለኩት ዘጠኝ ሰዓት እውነተኛው የፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ እኛ በግድግዳ ሰዓት የምንፈታው ጾም ግን መጋቢት ላይ ግማሽ ሰዓት የሚቀድም ነው። ይህን ለአንዲት ተማሪ እናት ስንነግራቸው፣ «ልጆቼ፣ ይኸንንስ ባትነግሩኝ ይሻለኝ ነበር» አሉን።

ወጣት ባለሥልጣኖቻችንን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በአንድ ግቢ ውስጥ የሒሳብ መምህርና የኮምፒዩተር መምህር አሉ፤ ሁለቱ ግን ስለ ትምህርታቸው አይነጋገሩም። አንዱ ራዲያንን ያስተምርና ለምን እንደሆነ አይናገርም፤ ሌላው ራዲያን ያስፈልገዋል፣ ተማሪው ግን አያውቀውም ብሎ ያልፈዋል። በወር አንድ ጊዜ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጡ ማዘዝ በጀት አይጠይቅም። ሪፖርት ሲቀርብላቸውም ስንት ሠርተፊኬት ተሰጠ ብለው ከጠየቁ በኋላ፣ ልጆቹ ምን ሠሩ፣ የሠሩትንስ ከምን ጋር አመሳከሩት ብለው አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ እንወዳለን።

ለተማሪዎች ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የ180 ዲግሪ ሳይን ዜሮ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ከነጥቡ በኋላ 15 ዜሮ ደርድሮ 122 የሚል ቁጥር ያስከትላል። ፓይን እስከ መጨረሻው ሊጽፈው ስለማይችል ነው። እንዲሁም ታንጀንት ብቻውን አቅጣጫ አያውቅም፤ ከአየር ጤና ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሄደና ወደ ደቡብ ምዕራብ የሄደ ሰው ታንጀንታቸው አንድ ነው። ለዚህ ሁለቱን ርቀቶች ለየብቻ የሚቀበል ሌላ ትእዛዝ አለ፤ አታን ቱ ይባላል፤ ፈልጉት።

አየር ጤና ላሉት ልጆች ቀጣዩ ሥራ ተወስኗል። ፀሐይ በአዲስ አበባ ትክክል አናት ላይ የምትውለው በዓመት ሁለት ቀን፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 ገደማ ነው። በነዚያ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አካባቢ ቀጥ ብሎ የቆመ አጠና ጥላውን ይውጠዋል ይላል ፕሮግራማቸው። አጠናውን ከአጠና ተራ የሚገዙበት ገንዘብ እያዋጡ ናቸው። ነሐሴ ደመና ስለሚበዛበት የመረጡት ሚያዝያ 5ን ነው።