አድራሻውን ጻፉልን

ሰሞኑን የማየው ማስታወቂያ ሁሉ አድራሻውን መናገር ያሳፈረው ይመስላል። የሥራ ቅጥሩም፣ የሥልጠና ምዝገባውም፣ የሠርግ ጥሪው ሳይቀር ወይ ትርጉም የለሽ አጭር ሊንክ፣ ወይ ያንን ባለ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ኪውአር ኮድ ለጥፎ ቁጭ ይላል። የቱ ይሻላል ብትሉኝ ኪውአሩ ይሻላል። እሱም በስንት ጣጣ!

አጭር ሊንክ ማለት እኮ ደላላ ነው። ስትነኩት መጀመሪያ የምትደርሱት እሱ ዘንድ ነው፤ መዝገቡን አይቶ «በዚህ በኩል» ይላችኋል። ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደመጣ ጻፍ ጻፍ ማድረግም ይችላል። ደላላው ሱቁን የዘጋ ቀንስ? ጉግልን የሚያህል ድርጅት የሊንክ ማሳጠሪያውን እንደሚተው እ.ኤ.አ. በ2018 አስታወቀ፤ በ2025 ደግሞ በ2024 መጨረሻ ገደማ ማንም ያልነካቸውን አሮጌ ሊንኮች ዘጋ። መጽሐፍ ግርጌ ላይ የታተመን ሊንክ ለወራት ማንም ባይነካው ምን ይገርማል? መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ዓመት ይተኛ የለም እንዴ?

ኪውአር እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ፣ ዴንሶ በተባለ ኩባንያ፣ የመኪና ዕቃ ለመቆጣጠር የተፈጠረ ነው። በወጉ ከተሠራ ሙሉው አድራሻ እዚያው ነጠብጣቡ ውስጥ ተጽፏል፤ የማንንም መዝገብ አይጠይቅም። ጣጣው በወጉ አለመሠራቱ ነው። «በነጻ እንሠራለን» ከሚሉት አንዳንዶቹ ውስጡ የሚከቱት የራሳቸውን አጭር ሊንክ ነው። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ «ክፈሉ» ይመጣል፤ ወረቀቱ ግን ታትሞ ተበትኗል።

ደግሞስ ነጠብጣብ በዓይን ይነበባል? በ2022 አሜሪካ፣ ኦስቲን ከተማ፣ አጭበርባሪዎች የመኪና ማቆሚያ መክፈያዎች ላይ የራሳቸውን ኪውአር ለጥፈው ተገኝተዋል። ከፋዩ በምን ይለየው? በፊደል የተጻፈ አድራሻ ቢሆን ቢያንስ አንዷ ፊደል ታጠራጥረዋለች። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘውስ? ሙሉ አድራሻ ቢያገኝ ገልብጦ ለልጁ ይሰጥ ነበር። በቴሌግራም ኪውአር የሚልኩልኝን ሰዎችማ ተዉአቸው፤ ስልኬ ውስጥ ያለውን ሥዕል በማን ስልክ ላንሳው?

የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። ስልክ ላይ ከሆነ ሙሉውን ሊንክ ላኩ። ወረቀት ላይ ከሆነ ኪውአሩን አድርጉ፣ ከሥሩ ግን አድራሻውን በፊደል ጻፉልን። «ቦታ ይፈጃል» ይላሉ አዘጋጆቹ። ለስፖንሰሮቹ አርማ ግን ቦታ ጠፍቶ አያውቅም።