«ሚስትረስ» ውሽማ አይደለችም

አንዲት ጓደኛዬ «ዘ ስካርሌት ሌተር»ን ስልኳ ላይ ማንበብ ጀምራ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ተወችው። ምነው ስላት፣ «ሴትየዋን በአደባባይ ሚስትረስ እያሉ ይሰድቧታል፤ አላስቻለኝም» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን አፈርኩ፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው የገባኝ እንደዚያው ነበራ!

ናትናኤል ሆቶርን በ1850 ያሳተመው ይህ ልብ ወለድ በ1640ዎቹ ቦስተን ስለነበሩ ፒዩሪታኖች ነው የሚተርከው። በዚያ ዘመን «ሚስትረስ» የክብር መጠሪያ ነው፤ የእኛ «እመቤት» ዓይነት። የተራ ሰው ሚስት ደግሞ «ጉዲ» ትባላለች፤ «ጉድዋይፍ» ከሚለው አጥሮ ነው (የሰው ስም የሚመስላቸው አሉ)። እንግዲህ አስቡት፦ ሄስተር ፕሪን አመነዘረች ተብላ ደረቷ ላይ ቀይ ፊደል አድርጋ ወደ መቀጣጫው መድረክ ስትወሰድ፣ መንገድ የሚያስለቅቀው ሹም በክብር ስሟ ይጠራታል። «ውሽማ» ብሎ ያነበበ ሰው ይህ ምፀት አመለጠው ማለት ነው።

የማናውቀውን ቃል ቢያንስ ጫን አድርገን ትርጉሙን እናያለን። የምናውቀው የሚመስለንን ግን ማን ያያል?

የሰው ስምም እንዲሁ ነው። መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ እስር ቤቱ በር አጠገብ የጽጌረዳ ዛፍ አለች፤ ምናልባት ከአን ሃቺንሰን እግር ሥር በቅላ ይሆናል ይላል ተራኪው። ሴትየዋ በእውን የኖረች ናት። ቤቷ ሰው እየሰበሰበች የቀሳውስቱን ስብከት ትተች ነበር፤ በ1637 ተከሰሰች፣ በ1638 ከማሳቹሴትስ ተባረረች። ይህን ላላወቀ ጽጌረዳዋ ጌጥ ናት። ላወቀ ግን፣ ሄስተር ገና ከበሩ ሳትወጣ ደራሲው ለማን እንዳደላ ይገባዋል።

በጣም የሚያናድደኝ ግን «ዊች» የሚለው ቃል ነው። መዝገበ ቃላቱ «ጠንቋይ» ይላል። ጠንቋይ ለእኛ ማን ነው? ከፍለን የምንሄድበት፣ ሲኒ አይቶ የሚነግረን። የአርተር ሚለር ተውኔት «ዘ ክሩሲብል» መነሻ በሆነው የ1692ቱ የሳሌም ጉዳይ ግን ልጃገረዶች እየተንፈራገጡ «እገሊት ቆነጠጠችኝ» እያሉ ስም ይጠሩ ነበር። ፍርድ ቤቱም ለሌላ ሰው ዓይን የማይታየውን ነገር በማስረጃነት ተቀበለ። 19 ሰዎች ተሰቀሉ። ጃይልስ ኮሪ የተባለ ሽማግሌ የክህደት ወይም የእምነት ቃል አልሰጥም ስላለ ድንጋይ ተጭኖበት ሞተ። (ተቃጠሉ ሲባል ትሰሙ ይሆናል፤ በሳሌም የተቃጠለ የለም።)

ይሄ እኮ የቡዳ ነገር ነው! ታማሚው «ማን በላህ?» ሲባል እየጮኸ የጎረቤት ስም ይጠራል፤ ስሟ የተጠራው ሸክላ ሠሪ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጠብቃት ብዙዎቻችን ከአያቶቻችን ሰምተናል። ልዩነት የለም አልልም። ቡዳነት በዘር ይወረሳል ይባላል፤ የሳሌሟ ሴት ግን የተከሰሰችው ከዲያብሎስ ጋር ተዋውላ መጽሐፉ ላይ ፈርማለች ተብላ ነው። ቢሆንም ተርጓሚ ብሆን «ቡዳ» ብዬ ጽፌ ልዩነቱን በግርጌ ማስታወሻ አስረዳ ነበር። «ጠንቋይ» ያለው አንባቢ የሰፈሩ ፍርሃት አይሰማውም።

ጓደኛዬ መጽሐፉን እንደገና ጀምራዋለች። ትናንት ማታ «ደግሞ ይሄ ጫካ ውስጥ ያለው ብላክ ማን ማነው? ጥቁር ሰው ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። ሰይጣን ነው አልኳት።